ድመቷን ከማባረር ቦታ መስጠት ይሻላል

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አጭር አሳቤን በአንባቢዎች ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት፥ ከእንጨት ሥራ ክፍሉ ጋር በተያያዘው ዕቃ ቤት፥ አይጥ እንድታጠፋ የምናሳድጋት ድመት አለች። ነገር ግን በሰጋቱራውና በአሸዋው ላይ እየተጸዳዳች ስላስቸገረች «ትባረር» የሚሉ በዝተዋል። እኔ ግን ጥፋቱ የዕቃ አያያዝ እንጂ የድመቷ አይደለም እላለሁ። ድመት ለስላሳ አፈር ቆፍራ ኩሷን መቅበር የተፈጥሮ ጠባይዋ ነውና፥ ክዳን የሌለው ክምር ለእርሷ የተዘጋጀ ይመስላታል።

ስለዚህ ሰጋቱራው በጆንያ ይታሰር፥ አሸዋው በሸራ ይሸፈን። ከምግቧ ራቅ ባለ ጸጥተኛ ጥግ ደግሞ አሸዋ ያለበት ሣጥን ይቀመጥላት። የሸናችበት ስፍራ በውሃና በሳሙና ደጋግሞ ይታጠብ። አሞንያ ያለበት ማጽጃ ግን ሽታው ከሽንት ስለሚመሳሰል ሊመልሳት ይችላል። ናፍታሊንም ለድመት መርዝ ስለ ሆነ አይበተን።

ነገሩ የንብረት ብቻ ሳይሆን የጤናም ነው። ከኩሷ ጋር ሊወጣ የሚችለው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተውሳክ ወደ ሰው የመተላለፍ ኃይል የሚያገኘው ከ1 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ በየዕለቱ ይጽዳ፤ ያጸዳውም እጁን ይታጠብ። ተውሳኩ ፅንስን ስለሚጎዳ ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ አትሥራ።

በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት የምትጠብቁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ድመቷ ብትባረር አይጥ ወደ መዝገቡ መምጣቱን አትርሱ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፥
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር