«መጣሁ» ብሎ የሚሄድ ሰው

መድኃኒት ቤት ውስጥ ባንኮኒ ጀርባ መቆም ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ብር አነሰኝ» ብሎ በግልጽ የነገረኝ ሰው ጥቂት ነው። ሌላው ዋጋውን ይሰማል፣ ማዘዣውን አጥፎ ኪሱ ይከታል፣ «መጣሁ» ብሎ ይወጣል። ድሮ «መጣሁ» ያለ ሰው ባንክ ደርሶ ይመለስ ነበር። አሁን የማይመለሰውን ከድምፁ እለየዋለሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። እኛ መደርደሪያ ላይ ካለው መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። አገር ውስጥ የሚመረተውም ቢሆን ጥሬ ዕቃው በዶላር ይገዛል። በዚያ ሳምንት ወደ አከፋፋዮች ስንደውል የምንሰማው መልስ «ገና ዋጋ አልወጣለትም» የሚል ነበር። በዱቤ ይሰጡን የነበሩትም እጅ በእጅ ካልሆነ አሉ።

ደንበኞቼ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር፦ «ይሄ እኮ በድሮ ዋጋ የገባ ነው፤ ለምን በአዲሱ ትሸጥልናለህ?» ጥያቄው ትክክል ነው። ግን በ300 ብር ያስገባሁትን ፓኮ በ375 ሸጬ ስመለስ አከፋፋዩ 450 ካለኝ፣ እጄ ላይ ያለው ገንዘብ ያንኑ አንድ ፓኮ አይተካልኝም። ነጋዴ ያተረፈ መስሎት መደርደሪያው የሚሳሳው በዚህ መንገድ ነው። ገዥውም ሻጩም እውነት ይዘው የሚጣሉበት እንደዚህ ያለ ጉዳይ የለም።

እኔ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒቶችን እስኪያልቁ በድሮው ዋጋ ለመሸጥ ወሰንኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ወሬው ተሰማና ለስድስት ወር የሚበቃቸውን አንዴ የሚጭኑ ሰዎች መጡ፤ አቅም ያላቸው ናቸው፤ ስለ ፈሩ አልፈርድባቸውም። በሦስተኛው ሳምንት ጡረታቸውን ተቀብለው የመጡ የዓመታት ደንበኞቼ ባዶ መደርደሪያ አገኙ። ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ለእያንዳንዱ ታካሚ የአንድ ወሩን ብቻ እየሰጡ ማዳረስ ነበር። ይህ ስህተቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከእነዚያ ደንበኞች አንዷ እናት ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። አምሎዲፒን በቀን አንድ ፍሬ ይወስዳሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲመጡ ግፊታቸውን ለካሁት፤ 180 በ110 ነበር። «እማማ፣ መድኃኒቱን አልወሰዱም እንዴ?» አልኳቸው። «ወስጃለሁ ልጄ፣ አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው፤ እንዲበረክት» አሉኝ። ሽሮ እንደሚያበረክቱት ማለት ነው። ግፊት ደግሞ አያምም፣ አያሳክክም፤ የተዘለለው ቀን ምን እንዳደረገ ሰው የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀየርኩ። ማዘዣ ሲመጣ ድምሩን ቀድሜ አልናገርም። አራት ዓይነት ከታዘዘ አራቱንም ለየብቻ ዋጋቸውን እነግራለሁ፣ የትኛው ለምን እንደታዘዘም እናገራለሁ። ፀረ ተሕዋሲው ግማሹ ተገዝቶ ግማሹ የሚቀር ነገር አይደለም፤ የተቋረጠ እንደሆነ በሽታው ሊያገረሽ፣ ተሕዋሲውም መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። ቫይታሚኑ ግን ብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ማስታገሻው ምናልባት ቤት ይገኛል። ውዱ የንግድ ስም ያለው ከሆነ፣ ሐኪሙ ጋ ደውዬ ይዘቱ አንድ የሆነ፣ ዋጋው የሚቀል ካለ እንቀይራለን። «ስንት ይዘዋል?» ብዬ አልጠይቅም። ወረፋ ፊት ሰውን አንገት ማስደፋት ነው። እኔ ዝርዝሩን ከነገርኩት ምርጫውን ራሱ ያደርጋል፤ «መጣሁ» ማለትም አያስፈልገውም።

ሌላው፣ ጭማሪ እንደሚመጣ ካወቅኩ ቀድሜ እናገራለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን አይወዱትም፤ ሰው ይሸሻል፣ ወይም ተሻምቶ ይገዛል ይላሉ። ለዚያ የአንድ ወሩን ገደብ አስቀምጫለሁ። የወር ደመወዝተኛና ጡረተኛ ግን ዋጋው የሚያስደነግጠው ባንኮኒው ላይ ቆሞ ሲሰማው ነው፤ አራት ሳምንት ቀድሞ የሰማው ከሌላ ነገር ላይ ቀንሶ ይዘጋጃል።

ባለፈው ወር ለእማማ «የሚቀጥለው ላይ ሰማንያ ብር ይጨምራል» ብያቸው ነበር። ዛሬ ጠዋት መጡ። የድሮውን ዋጋ ቆጥረው ባንኮኒው ላይ አኖሩ፤ ሰማንያዋን ደግሞ ለብቻዋ በወረቀት ጠቅልለው ይዘዋት ነበር። ግፊታቸውን ለካሁ፤ 140 በ85።