ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ሞደም መቀየር አለብን?

ቪዲዮው መሃል ላይ ቆሞ መሽከርከር ሲጀምር ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው «ሞደሙ አርጅቷል፣ ሌላ ልግዛ» ብሎ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ገንዘቡ ይወጣል፣ አዲሱ ሞደም ይሰካል፣ ኢንተርኔቱም እንደ ድሮው ይጎተታል። ኢንተርኔት እጃችን ላይ ካለው ስልክ የሚደርሰው በሁለት ጉዞ ነው፤ ከውጭ እስከ ሞደሙ በስልክ ሽቦ ወይም በፋይበር፣ ከሞደሙ እስከ ስልኩ ደግሞ በአየር። ችግሩ በየትኛው ጉዞ ላይ እንዳለ ሳይታወቅ ሱቅ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው።

መጀመሪያ የምትከፍሉበትን ፍጥነት እወቁ። ውሉ ላይ «10 ሜጋ» የተባለው ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው። ፋይል ስናወርድ ኮምፒውተሩ የሚያሳየን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10 ሜጋ ቢት ማለት 1.25 ሜጋ ባይት ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ጊጋ ባይት ፊልም ለማውረድ 13 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ይህን የሚያገኝ ሰው የከፈለበትን እያገኘ ነው፤ ሞደም ቢቀይር የሚጨመርለት ነገር የለም።

ከዚያ ለኩ። ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኙ፤ የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ፤ የቤተሰቡን ስልኮችና ቴሌቪዥኑን ከዋይፋዩ አስወጡ። ፋስት ዶት ኮም ላይ ገብታችሁ የሚመጣውን ቁጥር ጻፉ። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ማታ ይሁን። ቀጥሎ ኬብሉን ነቅላችሁ በዋይፋይ ለኩ፤ መጀመሪያ ሞደሙ አጠገብ፣ በኋላ በሚያስቸግረው ክፍል።

በኬብል ሙሉ የነበረው ፍጥነት መኝታ ቤት ሲደርስ ከወደቀ ችግሩ የዋይፋዩ ነው። ሞደሙ የት ነው የተቀመጠው? ብዙ ቤት ከቴሌቪዥኑ ኋላ ወይም ቡፌ ውስጥ ተሸጉጦ ይገኛል። ቆርቆሮ፣ መስታወት፣ የኮንክሪት ግድግዳና ውሃ የሞላው ታንከር ሲግናሉን ይጋርዱታል። ከፍ አድርጋችሁ፣ ወደ ቤቱ መሃል አምጡት። ሞደሙ ሁለት ዓይነት ዋይፋይ ካለው፣ 5 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ አይወድም፤ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግን ይጨናነቃል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ እዚያው ላይ ነው፤ ማይክሮዌቭም የሚሠራው በዚያው አካባቢ ባለ ሞገድ ነው። በሞደሙ ማስተካከያ ገጽ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 ባዶ የሆነውን መምረጥ ይረዳል። ለሰርቪስ ቤት ወይም ለላይኛው ፎቅ እኔ የምመክረው ኬብል ዘርግቶ ሁለተኛ ራውተር መትከል ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ምክንያት አለ። ስልኮች ፎቶና ቪዲዮ በራሳቸው ጊዜ ወደ ጉግል ፎቶስ ይጭናሉ። በስልክ ሽቦ በሚመጣው ኤዲኤስኤል ደግሞ የመላኪያው መስመር ከመቀበያው በጣም ጠባብ ነው። ፋይል ስታወርዱ መሣሪያችሁ «ይህ ደርሶኛል፣ ቀጥል» የሚል መልስ ያለማቋረጥ ይልካል። የመላኪያው መስመር በፎቶ ሲጨናነቅ መልሱ ወረፋ ይጠብቃል፣ ላኪውም መልስ እስኪያገኝ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንድ ሰው ከሠርግ ተመልሶ ስልኩ ቪዲዮ ሲጭን የቤቱ ሁሉ ኢንተርኔት የሚንቀራፈፈው በዚህ ነው። መጫኑን ቀን አጥፍቶ ሌሊት መክፈት ብቻ ይበቃል።

በኬብልም ጠዋትም ማታም ዝቅ ያለ ከሆነ መስመሩን ጠርጥሩ። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ እስከ 24 ሜጋ ቢት ይደርሳል የሚባለው ከቴሌ ማከፋፈያ ቅርብ ለሆነ ቤት ነው፤ ሽቦው ሲረዝም ፍጥነቱ ይወርዳል። በክረምት መገጣጠሚያው ውሃ ከገባበት መስመሩ ይረበሻል፤ ስልክ አንስታችሁ የሚንሿሿ ድምፅ ከሰማችሁ አንዱ ምልክት እሱ ነው። በፋይበር ደግሞ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ፋይበሩ ተጎድቷል ወይም ተነቅሏል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ 994 ደውላችሁ የጻፋችሁትን ቁጥር ንገሯቸው። ማታ ብቻ የሚወርድ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ የውጭው መጨናነቅ ስለሆነ ሞደም አያድነውም።

ሞደሙ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ። እየጠፋ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ አዳፕተሩን ቀይሩ፤ የመብራት መዋዠቅ ቀድሞ የሚጎዳው እሱን ነው። ቮልቱ ከድሮው ጋር አንድ፣ አምፔሩ እኩል ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ከሰው ተውሳችሁ የሰካችሁት ሞደም በዚያው መስመር ላይ ፈጥኖ ከሠራ የእናንተው ይቀየር። የኬብል ቀዳዳው 100 ሜጋ ቢት ብቻ የሚያሳልፍ ሆኖ ጥቅላችሁ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነም ይቀየር።

ፋይበር ያስገባችሁ ግን አንድ ነገር አደራ። የፋይበር ሳጥኑ በቁጥሩ የሚመዘገበው አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ስለሆነ፣ ከገበያ ሌላ ገዝታችሁ ብትሰኩ በራሱ አይሠራም። እሱን አገልግሎት ሰጪው ይቀይርላችሁ፤ እናንተ የምትገዙት ከኋላው የሚሰካውን ራውተር ብቻ ነው።