የሸክላ ጀበና አሠራርና ገበያው

ይፋግ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከጎንደር ወደ ጎጃም የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት፣ አሞሌ ጨው የሚመነዘርባት ታላቅ የበጌምድር ገበያ ነበረች። የሲራራው ዘመን ካለፈና የሊቦ ከምከም ወረዳ ከተማ አዲስ ዘመን ከሆነች ወዲህ ስሟ እንደ ድሮው አይጠራም። ይሁን እንጂ እንደ ይፋግ ባሉት የደቡብ ጎንደር ገበያዎች ከእህሉና ከከብቱ ተራ ወዲያ የሚደረደረው የሸክላ ዕቃ፣ ከዚያም ውስጥ በተለይ ጀበናው፣ የነጋዴው ትኩረት ሊደርሰው የሚገባ ነው።

ሌላው ሸክላ በአብዛኛው ተሸንፏል ለማለት ይቻላል። እንስራውን የፕላስቲክ ጀሪካን፣ ድስቱን አሉሚኒየም ተክቶታል። ጀበናው ግን በየከተማው የጀበና ቡና የሚሸጥበት ቤትና የመንገድ ዳር መደብ ስለ በረከተ ፈላጊው እንዲያውም በዝቷል። (በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት የተስፋፋው ከዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ስለ ሆነ፣ ጥንታዊ የሚመስለው ጀበና በዚህ አገር ከእንስራው ጋራ ሲነጻጸር ገና ልጅ ነው።)

ጀበና ያለ መንኰራኵር በእጅ ብቻ የሚሠራ ሲሆን ሠሪዎቹም ሴቶች ናቸው። የሥራው ቁም ነገር ያለው ከአፈሩ ላይ ነው። የሚለጠጠው ሸክላ አፈር ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አሸዋማው ደግሞ ብቻውን አይያያዝም። ስለዚህ ሠሪዋ ሁለቱን አመዛዝና ታደባልቃለች፣ ወይም የተሰበረ ሸክላ፣ ማለት ገል፣ ወቅጣና ነፍታ ትጨምርበታለች። የቦካው ጭቃ እንደ ገመድ እየተድቦለቦለና እየተደራረበ ሆዱ ይነሣል፤ ጥቂት ጠንከር ሲል አንገቱ፣ ጆሮውና ጡቱ ይቀጠላሉ። በለሰለሰ ድንጋይ ከታሸ በኋላ በጥላ ሥር ይደርቃል፤ ፀሐይ ያቻኰለው አንገቱ ከሆዱ በሚጋጠምበት ላይ ይተረተራል። በመጨረሻም በእንጨት፣ በኩበትና በሣር ተሸፍኖ ይቃጠላል፤ ሳይበርድም በገለባ ወይም በቅጠል ሲዳፈን ጢሱ ገብቶበት ይጠቁራል።

የዚህ እሳት ትኩሳት በፋብሪካ ምድጃ ከሚገኘው ያነሰ ነው። ይህንንም እንደ ጉድለት የሚቈጥሩ አሉ፤ ነገር ግን ጀበናው ከፍም ላይ ሲጣድ ድንገተኛውን ሙቀት የሚችለው በዝቅተኛ እሳት ስለ በሰለና ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ስላልተደፈኑ ነው። ብርቱ እሳት ያጠነከረው ሸክላ ሲያንኳኩት ድምፁ ያምራል፤ ከፍም ላይ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። አዲስ ጀበና አተላ እየተፈላበት የሚሟሸውም ሸክላው የቡናውን ቅባት ጠጥቶ ማንጠብጠቡን እንዲተው ነው።

በቻይና፣ በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በይሺንግ ከተማ፣ «ዚሻ» ከሚባለው ሐምራዊ ሸክላ ከሚንግ ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የሻይ ጀበና ይሠራል። እርሱም የመስተዋት ቅብ የለውም፤ የሻዩን ጣዕም እየጠጣ ይለመዳል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ የፈላ ውሃ ይጨመርበታል እንጂ እሳት ላይ ስለማይጣድ ከ1,100 ዲግሪ በላይ በሆነ ትኩሳት መቃጠሉ ነው። ለነጋዴው ግን ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ከመቀመጫው ሥር ያለው የሠሪው ማኅተም ነው። በዚያ አገር ዋጋው ስሙን ይከተላል፤ ጉ ጂንግጆ የተባሉት ባለሙያ (1915–1996 እ.ኤ.አ.) የሠሩት አንድ ጀበና በ2010 እ.ኤ.አ. በጨረታ ከ12 ሚሊዮን ዩዋን በላይ ተሸጧል።

በኢትዮጵያ የሸክላ ሠሪዋ ስም ለዋጋ ቀርቶ ለክብርም አልሆናትም። ባለ እጅ ሁሉ «ቡዳ» እየተባለ ይሸሽ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ቢከለክሉም ልማዱ ቶሎ አልጠፋም። በጎንደር ምድር ከሙያው ዋና ባለቤቶች መካከል የነበሩት ቤተ እስራኤል በ1977ና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ ያካበቱት ዕውቀት አብሯቸው ሄደ። ወለቃን በመሰለ ቦታ ሥራው በሌሎች እጆች ቢቀጥልም፣ በገጠሩ ገበያ ገሉን አመዛዝና ያደባለቀችውና ያልተጠነቀቀችው ሠሪ ዛሬም እኩል ዋጋ ይቀበላሉ። ገዢው በጣቱ አንኳኩቶ የተሰነጠቀውን ሊለይ ይችላል፤ አፈሩ በሚገባ መደባለቁን ግን የሚያውቀው ጀበናው ደጋግሞ ከተጣደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማንን ጀበና እንደ ገዛ አያውቅም።

ይህንን ጉዳይ በእጁ የያዘው ጀበናውን ከገጠር ሰብስቦ ወደ ከተማ የሚያወርደው ነጋዴ ነው። በክረምት ሸክላ ለማድረቅም ለማቃጠልም አስቸጋሪ ስለ ሆነ ከሰኔ በፊት መግዛት ይኖርበታል፤ በዚያው ጊዜ ከየሠሪዋ ጋራ ስለ ምልክት መነጋገር ይችላል። ምልክቱ ጭቃው ሳይደርቅ በተቀረጸ እንጨት ስለሚታተም ወጪ የለበትም። ቦታው ግን እንደ ቻይናው መቀመጫው ሳይሆን፣ ፍም የማይደርስበትና ጥቀርሻ የማይሸፍነው የጆሮው ሥር ነው።