በረዶ የማያውቅ ወይን

ከሐዋሳ ፒያሳ ተነስቶ ሻሸመኔን፣ አርሲ ነገሌንና ላንጋኖን እያለፈ ወደ አዲስ አበባ የሚያመራ ሰው ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ እንደተጓዘ ዝዋይ ይደርሳል። ብዙው መንገደኛ እዚያ የሚወርደው ዓሣ ሊበላ ነው። ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ ግን የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ከቦርዶ ባስመጣቸው ችግኞች ያለማው የወይን እርሻ አለ፤ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ይበቅሉበታል። «ሪፍት ቫሊ» እና «አኬሽያ» የተባሉት የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ጉማሬና ጅብ እንዳይገቡበት እርሻው ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። የቦርዶ ገበሬ ብዙ ጭንቀት አለበት፤ የጉማሬ ጭንቀት ግን የለበትም።

ለእኔ ከጉማሬው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ተክሉ ራሱ እዚህ መብቀሉ ነው። ስመ ጥር የወይን አገሮች በአብዛኛው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ደቡብ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ቀበቶ ውስጥ ይገኛሉ። ዝዋይ 8 ዲግሪ ላይ ናት። አውሮፓ ውስጥ ብርዱ ሲገባ የወይኑ ቅጠል ይረግፋል፣ ተክሉም ለወራት ይተኛል፤ ብርዱን ከጠገበ በኋላ እንቡጦቹ በአንድ ሰሞን ይፈነዳሉ። እዚህ የሚያስተኛው ብርድ የለም። እንዲሁ ቢተው የቅርንጫፉ ጫፍ እንቡጥ ቀድሞ ይወጣና የታችኞቹን አፍኖ ይይዛቸዋል፤ አንዱ ሲያብብ ሌላው ያፈራል፣ ለቅሞ መጨረስም አይቻልም።

ስለዚህ ወቅትን የሚወስነው የመግረዣ መቀስ ነው። ቅርንጫፉ ሲገረዝ የጫፉ ጫና ይነሳል፣ የቀሩት እንቡጦችም አብረው ይነቃሉ፤ ከዚያ ፍሬው እስኪበስል ጥቂት ወራት ብቻ ይፈጃል። ብራዚል ውስጥ በሳኦ ፍራንሲስኮ ሸለቆ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 9 ዲግሪ ላይ፣ ገበሬዎች በዚሁ ዘዴ ከአንድ ተክል በዓመት ሁለት ጊዜ ይለቅማሉ። ትልቁ ጥበብ ያለው ቀኑን ቆጥሮ በመግረዝ ላይ ነው። ፍሬው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከበሰለ ዝናቡ ያሰነጥቀዋል፣ ሻጋታም ይከተላል።

የጎደለውን ብርድ በከፊል የሚተካው ከፍታው ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ዝዋይ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ትበልጣለች። ቀን ቅጠሉ በፀሐይ ስኳር ይሠራል። ሌሊት ፍሬው ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስም ማሊክ የተባለውን አሲድ ያቃጥላል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቃጠሎው ይዘገያል፣ ወይኑም ኮምጠጥ ያለ ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። አሲዱ ያለቀበት ወይን ስኳሩ የቱንም ያህል ቢበዛ ምላስ ላይ ሙት ነው። ስኳሩ የሚፈለገው ለሌላ ሥራ ነው፤ እርሾው በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ካለው ስኳር 17 ግራም ያህሉን በበላ ቁጥር የአልኮሉ መጠን በ1 በመቶ ይጨምራል። 220 ግራም ስኳር ያለው ጭማቂ ወደ 13 በመቶ ይደርሳል ማለት ነው።

የወይን እርሻ ሊጎበኝ የሄደ ሰው መጨረሻው የቅምሻ ክፍል ነው። እዚያ ብርጭቆ የሚያዘው ከእግሩ ነው፤ የእጅ ሙቀት ወይኑን ያሞቀዋልና። አዘንብለው ቀና ሲያደርጉት በብርጭቆው ግድግዳ ላይ እንባ የመሰለ ነገር ይወርዳል። ብዙ ሰው የጥራት ምልክት ያደርገዋል፤ አይደለም። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን ግድግዳው ላይ የቀረው ስስ ፈሳሽ ውሃው ይበዛል፣ የገጹ ውጥረት ይጨምራል፣ ከታች ያለውንም ወደ ላይ ይስባል፤ ሲከብደው ይንጠባጠባል። ይህን ጄምስ ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1855 አብራርቶታል። እንባው የሚናገረው ስለ አልኮሉ ብቻ ነው።

ቀይ ወይን አፍን የሚያደርቀው ከልጣጩና ከፍሬው ዘር በሚወጣው ታኒን ነው። ታኒን ምራቅ ውስጥ ካሉት አለስላሽ ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል፤ የከረረ ሻይ ምላስ ላይ የሚተወው ስሜትም ከዚሁ ዘመድ ይመጣል። «የወይን ጣዕም» የምንለው አብዛኛው ግን በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው፤ ያላመነ አፍንጫውን ይዞ ይጎንጭ። ዓይንም ጣልቃ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2001 የቦርዶ ተመራማሪዎች ነጭ ወይንን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ አድርገው ለ54 የወይን ጥናት ተማሪዎች አቀረቡ፤ ተማሪዎቹም ሽታውን የገለጹት በቀይ ወይን ቃላት ነበር። ቀማሽ ነኝ ባይ ሲኮራብኝ ይህን ጥናት አነሳለታለሁ።

ወደ ፒያሳ ስንመለስ፣ ግሮሰሪ ገብቶ ቀይ ወይን ያዘዘ ሰው ጠርሙሱ ከመደርደሪያ ወርዶ በቀጥታ ቢቀዳለት አይገርመውም። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣ የሚለው ደንብ የአውሮፓን ቀዝቃዛ ቤት ታሳቢ ያደረገ ነው፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ። የሐዋሳ ከሰዓት ከዚህ በብዙ ይሞቃል። በዚያ ሙቀት አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫን ይወጋል፣ የፍሬውን ሽታ ይሸፍናል። ፍሪጅ ውስጥ 20 ደቂቃ ማቆየት ነውር የለውም። በመስኮት ፀሐይ ሲሞቅ የከረመውን ጠርሙስ ግን ፍሪጅ አይመልሰውም።

ምግቡም ጉዳይ ነው። አልኮል በርበሬ የሚነካውን የቃጠሎ ነርቭ ይበልጥ ስለሚያነቃ ከዶሮ ወጥ ጋር ከባድ ወይን ማዘዝ ምላስን መቅጣት ነው፤ ቀለል ያለና ጣፈጥ ያለው ይሻላል። ሐዋሳ ውስጥ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ለሚበላ ደግሞ ነጭ ወይን ይመከራል፤ ምክሩም ባዶ ወግ አይደለም። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት ወይን ውስጥ ያለ ብረት ከባሕር ምግብ ጋር ሲገናኝ አፍ ውስጥ የሚቀረውን የዓሣ ክርፋት ይቀሰቅሳል። ቀይ ወይን በአብዛኛው ብረቱ ይበዛል፣ የብረቱ መጠን ግን ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። ስለዚህ ብረቱ ያነሰ ቀይ ወይን ከዓሣ ለብለብ ጋር ቢስማማ የሚከለክለው የለም፤ የትኛው እንደሆነ ግን መለያ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም፣ ተቀምሶ ነው የሚታወቀው።