ሎሚው ይቅደም

ኮምቦልቻ ባንኮኒ ጀርባ ስቆም ቤታቸው ኮክቴል መሥራት የሚፈልጉ ደንበኞች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «የትኛው ጂን ይሻላል?» እያሉ ነው። እኔ ግን ስለ ሎሚው መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። የጂን የጥድ ፍሬ መዓዛም ሆነ የአልኮል መጠኑ ፋብሪካ ውስጥ ተወስኖ ያለቀ ነው። ሎሚው ግን የሚያምረውም የሚበላሸውም በእኛ እጅ ነው።

የውጭ አገር የኮክቴል መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያዙት ትልቁን፣ ቆዳው ወፍራም የሆነውን ቢጫ ሎሚ ነው። የእኛ ገበያ ሎሚ ትንሽ ነው፤ ልጡ ስስ፣ ሽታውም ስለታም ነው። ስለዚህ መጠኑን ከመጽሐፍ እንዳለ አይገልብጡ፤ እየቀመሱ ይጨምሩ።

ሎሚውን በመዳፍዎ ጫን ብለው ጠረጴዛ ላይ ያንከባሉት፤ ከዚያ በወገቡ ቆርጠው ይጭመቁት። ውሃው ሲያልቅ ያቁሙ፤ ልጡ እስኪደቅ ከታሸ ምሬቱ ወደ ጭማቂው ይወርዳል። ፍሬውን ያጥልሉ። ጠዋት ተጨምቆ ለማታ የተቀመጠ ሎሚ ያ ትኩስ ሽታው አይኖረውም።

ለማጣፈጫ ከስኳር ይልቅ ማር እመርጣለሁ። ጂን፣ ሎሚና ማር የሚገናኙበት «ቢዝ ኒዝ» የተባለው ኮክቴል እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ለወሎ ቤት ደግሞ ማርና ሎሚ እንግዳ አይደሉም። ሁለት እጅ ማር በአንድ እጅ ሙቅ ውሃ ይበጥብጡና ወፍራም ብርዝ ያድርጉት። ያልተበጠበጠ ማር በረዶ ሲነካው ከታች ረግቶ ይቀራል።

ለአንድ ብርጭቆ 50 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 20 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂና 20 ሚሊ ሊትር ብርዝ ይበቃል። ሼከር ከሌለ ክዳኑ የሚጠብቅ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ያገለግላል። በረዶ ሞልተው ለ15 ሰከንድ ያህል በኃይል ይነቅንቁት፣ አጥልለውም ይቅዱት። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ በረዶውን ከማቀዝቀዣ የሚያወጡት መጨረሻ ላይ ይሁን፤ መቅለጥ የጀመረ በረዶ መጠጡን ውሃ ውሃ ያሰኘዋል።

በወሎ አንድ ግብዣ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የሚጠጣውም የማይጠጣውም አብረው ይቀመጣሉ። ለሚጠጣው ተለክቶና ተነቅንቆ እየተቀዳ ለማይጠጣው ለስላሳ ከፍቶ ማቀበል መስተንግዶን ያጎድላል። ያንኑ ሎሚና ያንኑ ብርዝ በበረዶ ነቅንቀው አምቦ ውሃ ይሙሉበት። ብርዙ የዕለቱ ይሁን፤ የቆየ ብርዝ ይፈላል። መለኪያውም፣ መነቅነቂያውም፣ ብርጭቆውም ጂን ያልነካቸው ለብቻ ይቀመጡ። ይህ የእንግዳን እምነት መጠበቅ ነውና ከጣዕሙ በፊት የሚታሰብ ነው።

እኔ አዲስ ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ የማሠራው ይህንኑ ጂን የሌለበትን ነው። ሎሚውና ማሩ ሳይመጣጠኑ ከቀሩ ጂኑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አያድናቸውም።