ውሃችን ጥርሳችንን አበለዘው፤ ካንሰርስ ያመጣብን ይሆን?



ከወንጂ፣ ከመቂ፣ ከባቱና ከዚሁ ከአዳማ የሚመጡ ታካሚዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ውሃው ጥርሳችንን እንዲህ ካደረገው ውስጣችንንስ ካንሰር አያደርግብንም?» ይላሉ።

አጭሩ መልስ፦ በስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ የሚበዛው ፍሎራይድ ጥርስን ያበልዛል፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንትንም ይጎዳል። ስለዚህ ቸል አይባልም። ካንሰር ያመጣል ለማለት ግን በቂ ማስረጃ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ውሃውን ስንፈራ ጓዳችን ውስጥ ያሉትን እውነተኛ ካንሰር አምጪዎች መርሳታችን ነው።

ካንሰር እንዴት ይጀምራል?

እያንዳንዱ ሴላችን መቼ እንደሚባዛና መቼ እንደሚያቆም የሚያዘው ዲኤንኤ አለው። ካንሰር አምጪ ነገሮች ይህን ትእዛዝ ያበላሻሉ። ሰውነት አብዛኛውን ጉዳት ይጠግናል። ጉዳቱ በየቀኑ ለዓመታት ሲደጋገም ግን ሳይጠገን የሚያልፍ ስህተት ይጠራቀማል። በመጨረሻ ሴሉ ፍሬኑ እንደተበጠሰ ባጃጅ ይሆናል፤ መቆም አይችልም። አንድ ቀን ከቀመስነው ይልቅ በየቀኑ የምናደርገው የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

1. ሻጋታ

ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ እርጥበት ሲያገኛቸው የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ ጉበት ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል፤ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

«ለእኛ ካልሆነ ለላሟ ይሁን» ማለትም አያዋጣም። ላሟ የበላችው መርዝ በወተቷ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ቢሾፍቱን ጨምሮ ከዙሪያዋ ከተሞች በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ ይህ መርዝ ተገኝቷል፤ ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ወተት ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋም።

👉 ወተት አቁሙ ማለቴ አይደለም። ላም ያላችሁ ፋጉሎውን ደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የሻገተ ለውዝና በርበሬ ግን ጣሉት፤ አጥቦ ወይም ቆልቶ መብላት መፍትሄ አይሆንም።

2. የሚያቃጥል ገንፎና ሻይ

ጎረቤታችን አርሲና ባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች ናቸው። አንዱ የሚጠረጠረው ምክንያት ትኩስ ገንፎ ነው። ቧንቧው በተቃጠለ ቁጥር ለመዳን አዳዲስ ሴሎች ያመርታል፤ በተደጋገመ ቁጥር የስህተት ዕድሉም ይጨምራል። ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍተኛ ነው» ተብሎ የተመደበው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

👉 ገንፎውም ቡናውም አይቅርባችሁ፤ ትንሽ ይብረድላችሁ ብቻ።

3. ጭስ

ሲጋራ፣ ሺሻ፣ የማገዶ ጭስ። ጭስ ውስጥ ያለው ቤንዞፓይሪን የሳንባን ዲኤንኤ ይጎዳል። ባል ሲያጨስ ሚስትና ልጆችም አብረው ያጨሳሉ። በር ዘግቶ በማገዶ የምትጋግር እናትም ከጭሱ አታመልጥም።

👉 መስኮት ክፈቱ፣ ከተቻለ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግሩ፣ ቤት ውስጥ ማንም አያጭስ።

4. አልኮል

ቢራም ሆነ አረቄ ሰውነት ውስጥ ወደ አሴታልዲሃይድ ይለወጣል፤ እሱም ዲኤንኤን ይጎዳል። ከሲጋራ ጋር ሲሆን ደግሞ የአፍ፣ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰር አደጋን በጣም ይጨምራል።

ይህን አደራ እላችኋለሁ!

ምግብ ስትውጡ ደረታችሁ ላይ እየተያዘ ካስቸገራችሁ፣ መጀመሪያ ሥጋና ዳቦ ቀጥሎ ገንፎ እያለ እየባሰ ከመጣ፣ ክብደትም ከቀነሳችሁ «ጨጓራ ነው» ብላችሁ ወራት አታሳልፉ። ቶሎ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ስለ ኢንዶስኮፒ ምርመራ ጠይቁ። ብዙዎች የሚመጡት ውሃ እንኳ አልወርድ ሲላቸው ነው፤ ያኔ ማዳን በጣም ከባድ ይሆናል።

ዛሬ እናታችሁ ጋ ስትደውሉ ይህን ንገሯት። ለሌሎችም ሼር አድርጉ። መልካም ጤና!