«አይረብሽ» ብቻውን ዕቅድ አይሆንም

በካርሜ ጋትና በቂርያት ጋት ለምንኖር ቤተሰቦች ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን ስለ ልዩ ትምህርት ለመነጋገር የስብሰባ ጥሪ ይልክ ይሆናል። ብዙዎቻችን እንደነግጣለን። «አስተማሪ ያለው ልክ ነው» ብለን ሳይነበብልን የምንፈርምም አለን።

የልዩ ትምህርት ሕግ የወጣው በ1988 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን ከ3 እስከ 21 ዓመት ያሉትን ይመለከታል። በ2018 ከተሻሻለ ወዲህ ኮሚቴው እገዛ ይገባዋል ያለው ልጅ በመደበኛ ክፍል፣ በልዩ ክፍል ወይም በልዩ ትምህርት ቤት እንዲማር በአብዛኛው የሚመርጡት ወላጆች ናቸው። በውሳኔው ያልተስማማ ይግባኝ ማለት ይችላል።

አገር ቤት ጨዋ ልጅ ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይኑን ይሰብራል፣ ካልተጠየቀም አይናገርም። እዚህ ይኸው ጨዋነት «ትምህርት አይከታተልም» ሊባል ይችላል። ዕብራይስጡ ያልገባው ልጅ ደግሞ ሲሰለቸው ከወንበሩ ይነሳል፣ ጎረቤቱን ይነካካል። በ2014 ያረፉት ፕሮፌሰር ሩቨን ፎየርስታይን፣ ልጅ ዛሬ የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን ሲያስተምሩት የሚማረውንም መመዘን ይገባል ይሉ ነበር። ስለዚህ «ችግሩ የቋንቋ ነው ወይስ ሌላ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

እገዛ ለሚያገኝ ልጅ በየዓመቱ የግል ዕቅድ ይጻፋል። ስለ ጠባይ «አይረብሽ፣ አይማታ» ብቻ ከተጻፈ ልጁ በምትኩ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። «ሲጨንቀው እጁን አውጥቶ እረፍት ይጠይቃል»፣ «10 ደቂቃ ተቀምጦ ይሠራል» ቢባል ግን አስተማሪዋም እናቱም መሻሻሉን ማየት ይችላሉ። ጠባዩ የሚበላሸው መቼ እንደሆነም ይጠየቅ። ከእረፍት በኋላ ነው? ጮክ ብሎ አንብብ ሲባል ነው? ሁልጊዜ ንባብ ላይ የሚረብሽ ልጅ ከንባቡ እየሸሸ ሊሆን ይችላል፤ ከክፍል ሲያስወጡት የፈለገውን አገኘ ማለት ነው።

ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን ያባልገዋል የሚሉ አባቶች አሉ፤ እኛም እንዲያ ተብለን ነው ያደግነው። ነገር ግን «ጎበዝ» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ወንድምህን ሳትመታ ጠበቅኸው፣ ደስ አለኝ» ቢባል ልጁ የተመሰገነበትን ያውቃል። ትምህርት ቤቱ የሚጠቀምበትን ቃል ጠይቃችሁ በቤትም ያንኑ ተናገሩ።

ከስብሰባው ቀደም ብላችሁ አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ እንዲገኝ ጠይቁ፤ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። የዕቅዱንም ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ።